ኮሪያ ሃግዎን ውስጥ አንድ አመት፦ ከ5 ኮከብ 2 ተኩል

ስሙን አልጠራም። ፈርቼ አይደለም ብል ደስ ይለኝ ነበር ግን ፈርቼ ነው፣ ኮሪያ ውስጥ የተናገርከው ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ በስም ማጥፋት ልትከሰስ ትችላለህ፣ ለዛ ነው እዛ ያሉ የውጭ አስተማሪዎች ሁሉ "አንድ ቡንዳንግ (ሴኡል አጠገብ ነው) አካባቢ ያለ ሃግዎን" እያሉ የሚያወሩት፣ እኔም እንደዛው። ሃግዎን ለማታውቁት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ውጪ ተከፍሎላቸው የሚማሩበት የግል ማስጠኛ ነው፣ የሂሳብ አለ የፒያኖ አለ የእንግሊዝኛ አለ። የኔው እንግሊዝኛ ነበር፣ ጠዋት ህፃናት ከሰአት ደግሞ የኤለመንተሪ ልጆች። ከማርች 2023 ጀምሮ አንድ አመት ሙሉ ሰርቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቪዛው፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ እኔም ልምጣ ብሎ አስጨንቆኝ ነበር። ኢ-2 የሚባለው የአስተማሪ ቪዛ የ7 አገር ፓስፖርት ነው የሚጠይቀው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። ልጁ እንግሊዝኛ ከኔ ይበልጣል፣ እውነቴን ነው፣ ግን ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ስለሆነ በቃ። ሜሪላንድ ላደግነው ደግሞ ዲግሪና የኤፍቢአይ የወንጀል ነፃ ወረቀት አፖስቲል (ሌላ አገር እንዲቀበለው የሚመታ ማህተም) አስደርጎ መላክ ነው። ፎቶም ይጠይቃሉ። ፎቶዬን ከላክሁ በኋላ ድምፃቸው የጠፋ ሪክሩተሮች (ስራ አገናኞች) ነበሩ፣ ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ጥሩውን ልናገር። ቤት ሰጡኝ፣ ትንሽ ግን ንፁህ የሆነች አንድ ክፍል፣ ወለሏ ክረምቱን ከስር የሚሞቅ። ደሞዝ 2.3 ሚሊየን ወን፣ በየወሩ በቀኑ ገብቷል። ስለ ልጆቹ አትጠይቁኝ አለቅሳለሁ። ለዚህ ነው 2 ተኩሉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ኮንትራቱ ላይ "በሳምንት 30 የማስተማሪያ ሰዓት" ይላል። እኔ 30 ሰዓት ሳነብ በቀን 6 ሰዓት፣ ከዛ ካፌ ለካፌ መዞር መስሎኝ ነበር (ሰዓት የምቆጥረው በሀበሻ ነው እንዳትሳሳቱ)። የምገባው ጠዋት 3:20 የምወጣው ማታ 12:30፣ በሳምንት 46 ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ ነው የሚቀረው። ታዲያ 30ው የት ሄደ? የሚቆጠረው ክላስ ውስጥ የቆምክበት ደቂቃ ብቻ ነው። አንዱ ክላስ 40 ደቂቃ ነው፣ በቀን 8 ክላስ በሳምንት 40፣ ስታባዛው 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ሽንት ቤት ማድረስ፣ ጫማ ማሰር፣ ባስ ላይ ማሳፈር፣ የወላጅ ሪፖርት መፃፍ፣ ኦፕን ክላስ (ወላጅ መጥቶ የሚያየው ክላስ) ማዘጋጀት፣ ይሄ ሁሉ ዜሮ ነው። እንደውም ገና 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እዳ አለብህ!

ይሄ ቀልድ የመሰለኝ እስከ ሴፕቴምበር ነው። አንዱ ካናዳዊ ደሞዝ በገባ ማግስት ሻንጣውን ይዞ ሌሊት ጠፋ፣ ሚድናይት ራን ይሉታል፣ እና የሱ ክላሶች ተከፋፈሉ፣ ለኔ 4 ደረሰኝ። ኦቨርታይም ስል ዎንጃንግኒም (ዳይሬክተሯ ማለት ነው፣ ሁሉም በማዕረግ ነው የሚጠራቸው) ካልኩሌተር አወጡ፣ 44 ክላስ 29 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ "30 አልሞላም" አሉኝ ፈገግ ብለው። ሂሳቡ ልክ ነው፣ ምን ትላለህ። ስለዚህ ኮንትራት ስትፈርሙ ሰዓት ሳይሆን የክላስ ብዛት ይፃፍልኝ በሉ፣ የምገባበትና የምወጣበትም ይፃፍ በሉ፣ ይሄን ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱም ይበቃኛል።

ምሳ ደግሞ ሌላ ነው። የአገሩ ሕግ 8 ሰዓት ለሚሰራ ሰው 1 ሰዓት እረፍት ይላል። የኔ እረፍት ከ5 አመት ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ሾርባ መጥረግ ነበር።

የስራ ባህሉ ኑንቺ በሚሏት ነገር ላይ ነው የቆመው፣ ሳይነገርህ የሰው ፊት አይተህ መረዳት፣ በኛ ይሉኝታ የሚባለው የቅርብ ዘመዷ ነው። አብራኝ የምትሰራው ደቡብ አፍሪካዊት 12:30 ሲል ቦርሳዋን አንስታ ባይ ብላ ትወጣለች። እኔ ግን ኮሪያውያኑ አስተማሪዎች አቀርቅረው ሲሰሩ እያየሁ መነሳት አቃተኝ፣ እናቴ ያሳደገችኝ ሰው ሲሰራ ትተሽ አትውጪ ብላ ነው፣ እና ስራ የሌለኝ ሴትዮ ወረቀት እያገላበጥኩ ማታ 1 ሰዓት ድረስ እቀመጣለሁ። ማንም ቁጪ አላለኝም እኮ። ትኩሳት ይዞኝም ገብቻለሁ ምክንያቱም ተተኪ አስተማሪ የሚባል ነገር የለም፣ ከቀረሁ የምትጎዳው አጠገቤ ያለችው አስተማሪ ናት። ኮሪያውያኑ ደግሞ ከኛ በታች እየተከፈላቸው የወላጅ ስልክ ሲመልሱ ነው የሚያመሹት፣ የኔን እሮሮ ለነሱ ማውራት ያሳፍር ነበር።

አንድ ቀን ቤተሰቦቼ ኢትዮጵያዊ ናቸው ስላቸው ዎንጃንግኒም ፊታቸው በራ፣ ቹንቾን የምትባል ከተማ ሂጂ አሉኝ። ቅዳሜ ሄድኩ፣ ኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኛ የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ አለ፣ ከ1968 ጀምሮ ያለች "ኢትዮጵያ ቤት" የምትባል ቡና ቤትም አለች። ሰኞ ስመለስ ግን ክላሱ ያው 44 ነው።

የደሞዝ ወረቀታችሁን እዩ። የመጀመሪያ ወር የኔ ላይ 3.3 ፐርሰንት ብቻ ተቆርጦ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለካ በግሉ እንደሚሰራ ሰው ነው ያስመዘገቡኝ፣ እንደዛ ሲሆን አሰሪው የጡረታና የጤና ድርሻውን አይከፍልም፣ የስንብት ክፍያም ላይ በኋላ ያከራክርሃል። ጡረታ ቢሮ እሄዳለሁ ስል በሳምንቱ ተስተካከለ። ከዛ ለጡረታ 4.5 ፐርሰንት ከኔ 4.5 ከነሱ ይገባ ጀመር፣ አሜሪካዊ ከሆንክ ጠቅልለህ ስትወጣ ሁለቱንም ድርሻ ትወስዳለህ።

የስንብት ክፍያ ማለት አመት ከሞላህ የአንድ ወር ደሞዝ ነው፣ ለዛ ነው አንዳንዱ ሃግዎን 11ኛው ወር ላይ ሰው የሚያባርረው። የኔዎቹ አላባረሩኝም። ስራ በለቀቅኩ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል ግዴታቸው ነው፣ እኔም ሆንግዴ (ሴኡል ያለ ሰፈር ነው) አንድ ሆስቴል ውስጥ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ባንክ አፑን ስከፍት ስዘጋ ሰነበትኩ። 14ኛው ቀን ማታ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ገባ።