በጉጃራት ለረዳን ሹፌር ምስጋና፣ ወደዚያ ለምትጓዙ ደግሞ ጥቆማ

ወደ ምዕራብ ህንድ፣ በተለይም ወደ ጉጃራት፣ ለትምህርት የሄዱ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወይም ለሕክምና የምትጓዙ ወገኖች ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የምጽፈው በጉጃራቷ ከተማ በአህመዳባድ የሚኖር አንድ የኪራይ መኪና ሹፌርን ለማመስገን ነው። ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለፈለገ ፈቃዱን አክብሬያለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

ከእርሱ በፊት የደረሰብንን ካልተናገርሁ ውለታው በልኩ አይታይም። ልጃችን ሁለተኛ ዲግሪዋን በአህመዳባድ ስትመረቅ እኔና ባለቤቴ ወደዚያ ሄድን፤ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። የእስያ አንበሳ በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበትን ብቸኛ ስፍራ፣ የጊርን ደንና አካባቢውን፣ ሳናይ ላለመመለስ ቆርጠን ስለነበር ሰዎች በጠቆሙን አንድ የጉዞ ወኪል በኩል የመኪናውን፣ የሆቴሎቹንና የደኑን መግቢያ ፈቃድ ዋጋ በአንድነት አስቀድመን ከፈልን። እስክንከፍል ድረስ ሻይ እየቀዱ፣ ስለ አገራችን እየጠየቁ፣ ልጃችንን እንኳን ደስ ያለሽ እያሉ አስተናገዱን።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ፓታን ነበር፤ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረውን፣ በደረጃ ወደ መሬት ውስጥ የሚወረድበትን፣ ራኒ ኪ ቫቭ (የንግሥቲቱ ጉድጓድ) የሚባለውን የውኃ ጉድጓድ አየን። ግድግዳው በሙሉ በድንጋይ ቅርጽ የተሞላ በመሆኑ ሰው ሲወርድ ቀኑን ይረሳል። ማታ የተከፈለበት ሆቴል ስንደርስ ግን የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ፓስፖርታችንን እንዳየ የውጭ ዜጋ እንደማያስተናግዱ ነገረን። ያመጣን የወኪሉ ሹፌር ሻንጣዎቻችንን ከበሩ ላይ አውርዶ ሥራው ማድረስ ብቻ መሆኑን ተናገረና ሄደ። ወኪሉ ስልክ አላነሣም። በሁለተኛው ሆቴል የተሰጠን ምክንያት የባሰ ነበር፤ በፓስፖርታችን ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የሰፈረው እንደ አገራችን ልማድ የየአያታችን ስም ስለሆነ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘን ተገኘን፤ ሰውየውም እኔን ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ ከሁለቱ ሴቶች ጋር ያለኝን ዝምድና የሚያስረዳ ማስረጃ ጠየቀኝ። በሃያ አምስት ዓመት የትዳር ሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ባለቤቴ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በመጨረሻም የልጄ የክፍል ጓደኛ በስልክ በፈለገልን መኪና እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወደ አህመዳባድ ተመለስን። ገንዘባችን አልተመለሰም፤ ይቅርታ የሚል ቃልም አልሰማንም።

በማግስቱ ያው የክፍል ጓደኛዋ የዚህን ሹፌር ስልክ ሰጠን። ወደ ጊር የምንገባበት ፈቃድ በእጃችን ስለነበር የምንፈልገው የሚያደርሰን ሰው ብቻ እንደሆነ ነገርነው። ከአህመዳባድ እስከ ደኑ መግቢያ፣ እስከ ሳሳን መንደር፣ የሰባት ስምንት ሰዓት መንገድ ነው። እርሱ ግን ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ወረቀቱን እንድናሳየው ጠየቀ። ቆሞ አነበበው፤ መነጽሩን አውጥቶ እንደገና አነበበው፤ ከዚያም ለልጄ በሂንዲ ቀስ ብሎ አስረዳት። ፈቃዱ የተቆረጠው በህንድ ዜጎች ዋጋ ነበር። የውጭ ዜጋ ዋጋ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሲሆን እኛም የከፈልነው ያንኑ ነበር፤ ልዩነቱ የት እንደገባ እግዚአብሔር ይወቀው። በበሩ ላይ ዋናው ፓስፖርት ከፈቃዱ ጋር ስለሚመሳከር በዚያ ወረቀት እንደማንገባ፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ ገንዘባችንን መቀበልም እንደማይፈልግ ነገረን።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡልኝ እፈልጋለሁ። ይህ ሰው ጠዋት መጥቶ፣ ሻንጣችንን ጭኖ፣ ሳሳን አድርሶን ዋጋውን ቢቀበል ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረምና። የሚያገኘውን ሥራ በገዛ አፉ ሰርዞ እውነቱን ነገረን።

በዚህም አላበቃም። ከልጄ ጋር ተቀምጦ በመንግሥቱ ድረ ገጽ አዲስ ፈቃድ ማውጣት ጀመሩ። ምን እንደነካኩ ልነግራችሁ አልችልም፤ የማውቀው የእኔ የባንክ ካርድ ደጋግሞ ውድቅ መሆኑን፣ የልጄም ስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር አልቀበል ማለቱን ነው። ያን ጊዜ ይህ ሰው፣ ካገኘን ግማሽ ቀን እንኳ ያልሞላው ሰው፣ ከገዛ ሂሳቡ በስልኩ ከፈለልን። ለአንድ ሹፌር ቀላል የማይባል ገንዘብ ነበር። መያዣ ይሆን ዘንድ ሰዓቴን ባወልቅለት እጄን መልሶ ይዞ፣ ሴት ልጅ ያለችው አባት እርሱም እንደሆነና ሰው አገር ያለች ልጅ ፊት አባቷ ሲዋረድ ማየት እንደማይገባ ነገረኝ። ልጄ ይህን እየተረጎመችልኝ ድምፅዋ ተሰበረ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ረድቶኛል፤ እንዲህ ያለ ክብር ጠባቂ ግን ከጣት ቁጥር አይዘልም።

አዲሱ ፈቃድ የተገኘው ለሌላ ቀን ስለነበር የተረፈውን ጊዜ ወደ ትንሹ ራን እንድንሄድ መከረን፤ ምክሩም ከጠበቅነው በላይ ሆነልን። ትንሹ ራን በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ሲደርቅ ደግሞ ዓይን እስከሚደርስበት የተሰነጣጠቀና ጨው የለበሰ ሜዳ ነው። የህንድ የዱር አህያ የሚጠበቅበት ክልል ስፋቱ ወደ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በበሽታ አልቆ ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዶ የነበረው ይህ እንስሳ ዛሬ ከሰባት ሺህ በላይ ሆኗል። በእኛው አፋር የቀሩትን ጥቂት የዱር አህዮች እያሰብሁ መንጋው በአቧራ ውስጥ ሲጋልብ ሳይ ደስታም ቁጭትም ተሰማኝ። በዚያው ሜዳ ከከርሰ ምድር የሚወጣውን ጨዋማ ውኃ እያደረቁ የሚኖሩ ጨው አምራቾች ቤት አስገብቶን ሻይ ጠጣን፤ ሻዩ በወተት የተፈላ ስለነበር ለእኔና ለባለቤቴ ቀድሞ ያለ ወተት አስፈልቶልን ነበር።

ይህን ያደረገበት ምክንያት አለው። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነበር። ጉጃራት ሥጋ የማይበላው ሰው የበዛበት አገር ስለሆነ ለጿሚ ችግር የለም ብለው ብዙ ሰዎች ነግረውን ነበር፤ ነገር ግን ቂጣው ቅቤ ይቀባል፣ ወጡ እርጎ ይገባበታል፣ ከምግቡ ጋርም አሬራ ይቀርባል። ሹፌራችን ጾማችንን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ከተረዳ በኋላ በየምግብ ቤቱ እኛ ከመቀመጣችን በፊት ወደ ማብሰያው ክፍል ገብቶ ያስረዳ ነበር። እርሱ ራሱ የጃይን እምነት ተከታይ በመሆኑ ሽንኩርትና ድንች እንኳ አይቀምስም፤ የጾምን ነገር ለማስረዳት ብዙ መድከም አላስፈለገንም።

በሆቴል በኩልም ያ የፓታኑ ውርደት አልተደገመም። በህንድ ሕግ የውጭ ዜጋን የሚያሳድር ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ በተለምዶ ፎርም ሲ የሚባለውን ቅጽ በኢንተርኔት ለኢሚግሬሽን መላክ አለበት፤ ብዙ ትናንሽ ሆቴሎች ይህን ላለማድረግ ሲሉ እንግዳውን ይመልሱታል። ሹፌራችን አስቀድሞ ሲደውል ክፍል አላችሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ፎርም ሲ ትሞላላችሁ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። የፓስፖርታችንንና የቪዛችንን ቅጂዎች ከጉርድ ፎቶግራፎቻችን ጋር በአንድ ፕላስቲክ ማኅደር አስይዞን ስለነበር በየደረስንበት ማኅደሩን ከመስጠት በቀር አፍ መክፈት አላስፈለገንም። ስለ ስማችን ጉዳይም ከመድረሳችን በፊት በስልክ አስረድቶ ይጨርሰው ነበር።

ሳሳን ላይ ፓስፖርታችን ሲመሳከር ከጎናችን የቆሙ አንድ የውጭ አገር ባልና ሚስት በወረቀታቸው ስህተት ተመለሱ። ባለቤቴ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። እኛ ገባን። ልብ በሉ፤ ወደ ደኑ የሚገባው ክፍት ጂፕም ሆነ አስጎብኚው እዚያው በተራ የሚመደብ ስለሆነ የራሳችሁ ሹፌር ውጭ ይጠብቃል። በመኪናዬ አስገባችኋለሁ ወይም አንበሳ ለማየታችሁ ዋስ እሆናለሁ የሚላችሁን አትመኑ። የእኛ ሹፌር እንስሳቱ ካልፈለጉ እንደማይታዩ፣ አጋዘኑን ብቻ አይተን ልንመለስ እንደምንችልም አስቀድሞ ነግሮን ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አየን። ሁለት ሴት አንበሶች በደረቁ የቲክ ዛፍ ቅጠል ላይ ተኝተው ነበር፤ ቆይቶም አንድ ወንድ መንገዱን በዝግታ አቋረጠ። ጋማው ከአፍሪካው አንበሳ ሳሳ ያለ በመሆኑ ጆሮዎቹ በግልጽ ይታያሉ፤ ከሆዱም ሥር የሚንጠለጠል የቆዳ እጥፋት አለው። ከመቶ ዓመት በፊት ጥቂት ደርዘኖች ብቻ ቀርተው ነዋብ የሚባሉት የጁናጋድ ገዥዎች አደኑን ባያግዱ ኖሮ ይጠፉ ነበር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 674፣ በ2025 ደግሞ 891 ተቆጥረዋል።

ከደኑ ስንወጣ ወደ ጃምቡር እንድንሄድ የጠየቀን እርሱ ነው። ጃምቡር ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በባርነት፣ በወታደርነትና በመርከበኝነት ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ህንድ የመጡ ሰዎች ዘሮች፣ ሲዲዎች፣ የሚኖሩበት መንደር ነው። ሁሉም ከእኛ አገር የሄዱ ናቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በአህመዳባድ መካከል የቆመውን፣ መስኮቱ በድንጋይ የዛፍ ሐረግ የተፈለፈለውን መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1573 ገደማ ያሠራው ሲዲ ሰይድ ሐበሻ እንደነበር የታወቀ ነው። ሹፌራችን ሌሎች አስጎብኚዎች እንደሚያደርጉት በገንዘብ ጭፈራ አላዘዘልንም፤ የሚያውቀው ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት አስቀመጠን እንጂ። ከዚህችው መንደር የወጡት ሂርባይ ሎቢ ለሴቶች በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 የህንድን የፓድማ ሽሪ ክብር መቀበላቸውን የቤቱ ሰዎች በኩራት ነገሩን። የቤቱ እናት ጉጃራትኛ እንጂ ሌላ አያውቁም፤ ባለቤቴም አማርኛ እንጂ ጉጃራትኛ አታውቅም፤ ቢሆንም ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ረጅም ሰዓት አወሩ። ልጄ ለመተርጎም ብትሞክር ሁለቱም ዝም አሰኟት።

ወደ አህመዳባድ ስንመለስ የከፈለልንን ገንዘብ በጥሬው ሰጠሁት። ከላይ የጨመርሁትን ለይቶ መለሰልኝ፤ በብዙ ልመና ለሴት ልጁ ብሎ ተቀበለኝ።

ስለዚህ እደግመዋለሁ፤ ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ሰው ያዙ። መኪናው አዲስ አይደለም፤ ዋጋውም ከሁሉ የረከሰ አይደለም፤ ነገር ግን የተናገረውን ያደርጋል፤ የማያደርገውንም አይናገርም። ልጆቻችሁን በክረምት ለመጠየቅ ካሰባችሁ ጊር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁን 16 እስከ ኦክቶበር 15፣ ማለትም ከሰኔ 9 እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ዝግ መሆኑን፣ ራኑም ውኃ እንደሚተኛበት አትርሱ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ፈቃዱ ቶሎ ስለሚያልቅ የአውሮፕላን ትኬት እንደቆረጣችሁ የፓስፖርታችሁን ቅጂ ላኩለት። በጽሑፍ መልእክት ብትልኩለት ይመረጣል፤ ሲነዳ ስልክ አያነሣም፤ ማታ ግን ሳይመልስ አያድርም።