ቢዝሃውክና ታስቱዲዮ፦ ኤክሳይትባይክን ፍሬም በፍሬም የሚያስነዳ ሠንጠረዥ

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓን ፋሚኮም ለተባለው የቤት ጨዋታ መሣሪያው ያወጣው የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ጨዋታ ኤክሳይትባይክ፣ በአንድ ካሴት ውስጥ ብዙ ጨዋታ እየታጨቀ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ቀዩ ሞተረኛ ከጉብታው ላይ ተስፈንጥሮ በአፍንጫው ሲተከል፣ ተጫዋቹም ሰውየው ቶሎ ወደ ሞተሩ እንዲሮጥለት ቁልፉን ሲደበድብ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እኔ ግን ባለፉት ወራት ይህንኑ ጨዋታ የተጫወትኩት በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል የሚቀያየረውን ምስል አንድ በአንድ እያስቆምኩ፣ በየፍሬሙ (በእያንዳንዱ ምስል) የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን እየወሰንኩ ነው። በመሣሪያ የታገዘ ስፒድራን (ጨዋታን በተቻለ ፍጥነት የመጨረስ ሩጫ) የሚባለው ይህ ነው። ሥራው የተሠራው ቢዝሃውክ በተባለ ነጻ ኢሙሌተር (የድሮ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር ላይ በሚያስኬድ ፕሮግራም) እና በውስጡ ባለው ታስቱዲዮ በተባለ ማረሚያ ሲሆን፣ የዚህ ግምገማ ጥያቄ መሣሪያው ፈጣን ብቻ ሳይሆን ለተመልካች የሚጥም ሩጫ ለመሥራት ምን ያህል ያግዛል የሚል ነው።

ታስቱዲዮ ሲከፈት የሚታየው የሱቅ ሒሳብ መዝገብ የሚመስል ረጅም ሠንጠረዥ ነው። ረድፉ ፍሬም፣ ዓምዱ ቁልፍ ነው፤ ሳጥኑ በማውስ ሲነካ ቁልፉ ተጫነ፣ ዳግም ሲነካ ተለቀቀ ማለት ነው። ኢሙሌተሩ አስልቶ የጨረሳቸው ረድፎች አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ጨዋታው የቁልፍ ትእዛዝ ሳያነብ ያለፋቸው ፍሬሞች ደግሞ ወደ ቀይ ስለሚያደሉ፣ በእነርሱ ላይ መጻፍ ከንቱ ድካም መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ወደ ላይ ተመልሶ አንዲት ሳጥን የለወጠ ሰው ከእርሷ በታች ያለውን አረንጓዴ ሁሉ ያጣል፤ ፕሮግራሙም አስቀድሞ ካኖረው ቅርብ ሁኔታ ተነሥቶ ጨዋታውን እንደገና ያሰላል። የጨዋታው ኮድ ግን አይነካም። በመጨረሻ የሚቀመጠው ፋይል የቁልፎች ዝርዝርና ጥቂት ቅንብር ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ የጨዋታ ቅጂ የያዘ ማንኛውም ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ አስነሥቶ ሊያየው ይችላል። «ይህማ ማጭበርበር ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በእጅ ከተነዳ ሩጫ ጋር ተቀላቅሎ ቢቀርብ እውነታቸውን ነው፤ በመሣሪያ መሠራቱ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ ግን ሥራው የሚቀርበው ለአኒሜሽን ነው።

ኤክሳይትባይክ ለዚህ የሚመቸው ሕጉ አጭር በመሆኑ ነው። የ«ኤ» ቁልፍ መደበኛ ነዳጅ ይሰጣል፣ የ«ቢ» ቁልፍ ደግሞ ያስፈተልካል፤ «ቢ»ን አልለቅም ያለ ሰው ግን የሙቀት መለኪያው ሞልቶ ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። በመንገዱ ላይ የተሣሉት ቀስቶች ሙቀቱን ያወርዱታል። በእጅ ለሚጫወት ሰው ይህ የድፍረት ጉዳይ ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን ከዚህ ቀስት እስከሚቀጥለው ድረስ «ቢ» ለስንት ፍሬም ትያዝ የሚል ሒሳብ ይሆናል። ቢዝሃውክ እዚህ ላይ ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ጨዋታው በማኅደረ ትውስታው የሚይዛቸውን ቁጥሮች የሚያሳየውን የራም መፈለጊያ ከፍቼ «ቢ»ን ስይዝ የጨመሩትን ቁጥሮች አስቀረሁ፣ ቀስት ስረግጥ ከእነዚያ መካከል የቀነሱትን አስቀረሁ፣ ይህን እየደጋገምኩ ስሄድ የሙቀቱ ቁጥር ብቻውን ተለይቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ መለኪያውን በዓይን መገመት ቀረ። በአየር ላይም እንዲሁ ነው፤ ግራ የፊት ጎማውን ያነሣል፣ ቀኝ ያወርደዋል፣ ጎማዎቹ ከመሬቱ ተዳፋት ጋር ተስማምተው ካረፉ ፍጥነቱ አይባክንም፣ የትኛው ፍሬም ላይ መስተካከል እንዳለባቸውም እየሞከሩ ማግኘት ይቻላል።

ሆኖም ብቻን የሚነዳበትን የጨዋታውን ክፍል፣ ምርጫ «ኤ» የሚባለውን፣ በዚህ መንገድ አሳምሬ ለእኅቴ ልጅ ሳሳየው፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ ስልኩን ማየት ጀመረ። አልፈረድኩበትም፤ አንድም ጊዜ የማይሳሳት፣ አንድም ጊዜ ለአደጋ የማይቀርብ ሞተረኛ የሚነዳ ሳይሆን በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ተፎካካሪዎች ወዳሉበት ምርጫ «ቢ» ዞርኩ። በዚያ የፊት ጎማችን የሌላውን የኋላ ጎማ ከነካ የምንወድቀው እኛ ስንሆን፣ የሌላው የፊት ጎማ የእኛን የኋላ ጎማ ሲነካ ግን የሚከነበለው እርሱ ነው። መንገዱ አራት መስመር ብቻ ስላለው፣ በአንድ ሞተረኛ አፍንጫ ሥር አልፎ መጣልና በዚያው ፍሬም ራስን ማዳን ፍጥነት ብቻውን የማይሰጠውን ሳቅ ይፈጥራል።

ታስቱዲዮን ከሁሉ በላይ ያስወደደኝ የቅርንጫፍ አሠራሩም የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አንድን ሙከራ ከነሥዕሉ ቅርንጫፍ አድርጎ አስቀምጦ ሌላውን መሞከር፣ ከዚያም አንዱን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከአንድ ትልቅ ጉብታ በኋላ አንድ ተፎካካሪ በሁለተኛው መስመር ላይ ይመጣል። የላይ ቁልፉን እንደነካሁ ቀዩ ሞተር ወደ እርሱ መስመር ገባ፣ ነገር ግን ፈጥኖ ስለገባ ወደቅን እኛው። ቁልፉን አንድ ፍሬም አዘገየሁት፤ አሁንም ወደቅን። ሌላ አንድ ፍሬም ጨመርኩበት፤ የኋላ ጎማችን በትክክል ከፊቱ አረፈ፣ ሰውየው ተገለበጠ፣ ቀዩ ሞተረኛ ዞር እንኳ ሳይል ሄደ። ይህን ለማግኘት የወሰደብኝ ጊዜ ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪቀዳ ያህል ነበር፤ ቅርንጫፎቹ ባይኖሩ ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበር።

እንከንም አለው። ታስቱዲዮ ብዙ ሁኔታዎችን በማኅደረ ትውስታ ስለሚይዝ ደካማ ላፕቶፕ ይከብደዋል፤ የሜኑው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ጀማሪን እጁን ይዞ የሚመራ ነገርም ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ የራስ ስሕተት ነው። ለፋሚኮም ጨዋታዎች ኔስሃውክና ኩዊክኔስን የመሳሰሉ ሞተሮች ቀርበዋል (ቃሉ ከጨዋታው ጋር መጋጨቱ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ጨዋታውን የሚያስኬደውን ክፍል ማለቴ ነው)። በአንዱ ጀምሬ መሐል ላይ ፍጥነት ፈልጌ ወደ ሌላው ብቀይር፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ሩጫ ከቦታው ሸርተት ብሎ ሞተረኛው በባዶ መንገድ ላይ ወደ አየር ይሽቀነጠር ጀመር። ቅንብሩ በመጀመሪያው ቀን ተወስኖ እስከ መጨረሻ መጠበቅ አለበት። በራሱ የሚያስቀምጥበት ምርጫ መኖሩ ግን መብራት በድንገት ለሚጠፋበት ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ የጊዜ ርቀቱን አሳጥሮ ማብራት ይገባል።

አሁን በፋይሌ ውስጥ ለመጨረሻው መንገድ ሁለት ቅርንጫፎች አሉ። «ቁጥብ» ያልኩት ማንንም ሳይነካ ይጨርሳል። «ጥጋብ» ያልኩት ከመድረሻው በፊት አንድ ሰው ጥሎ በኋላ ጎማው እየሄደ የሚገባ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው በ2 ፍሬም ማለትም በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ይዘገያል። ለእኅቴ ልጅ ሁለቱንም አሳየሁት፤ «ጥጋብ»ን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።