ልጅ ለምትፈልጉ፦ የአዩርቬዳ ዱቄት፣ ዘይት ወይስ ምርመራ? ብራችሁን የቱ ላይ ብታወጡ ይሻላል

ደብረ ብርሃን ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ይሄን ጥያቄ በብዛት እሰማለሁ። ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስቶች ቴሌግራም ላይ ያዩትን የህንድ መድኃኒት ስክሪንሾት አንስተው ይመጣሉ፣ አሽዋጋንዳ፣ ሻታቫሪ፣ ትሪፋላ፣ የማህፀን ማጽጃ ሻይ ምናምን፣ ከዚያ "የቱን ልግዛ?" ይላሉ። ከመንዝም ከሸዋ ሮቢትም የሚመጣ አለ፣ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ብር ልኮ አስገዝቶ "አሁን እንዴት ልውሰደው" የሚልም አለ። ስለዚ ያለውን ነገር ጎን ለጎን አድርጌ ላስቀምጥላችሁ፣ የቱ ብር ያወጣል የቱ አያወጣም የሚለውን እናንተ ፍረዱ፣ እኔም ግን የራሴን አልደብቅም።

መጀመሪያ አዩርቬዳ ራሱ ምን ይላል? የህንዶች የጥንት ሕክምና ነው፣ ለጽንስ አራት ነገር መሟላት አለበት ይላል፦ ወቅት፣ መሬት፣ ውሃና ዘር። ወቅቱ ሴቷ የምታረግዝበት ቀን ነው፣ መሬቱ ማህፀን፣ ውሃው ሰውነትን የሚመግበው ነገር፣ ዘሩ ደግሞ የሁለቱም ዘር። የኛ አገር ገበሬ ይሄን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። እኔ የወደድኩለት ነገር ዘሩን የሁለቱም ማድረጉ ነው፣ እኛ ጋር እኮ ልጅ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልትገዙ ስትሉ ከአራቱ የቱን ነው የሚያግዘው ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻጩ መመለስ ካልቻለ ተዉት።

ዱቄት ወይስ ምርመራ

እዚህ ላይ አልወላውልም፣ ምርመራ ይቅደም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው አንዱ በሕይወቱ ውስጥ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል ይላል፣ ስለዚ ብቻችሁን አይደላችሁም። ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክራችሁ ካልመጣ መታየት ነው፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት 6 ወር ይበቃል። ደግሞ ግማሽ በሚሆኑት ጥንዶች ላይ ችግሩ ባልየው ጋ ብቻ ወይም እሱም ጋ ጭምር ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ፣ መርፌ የለው ቢላ የለው። ሚስት ዓመት ሙሉ ዱቄት እየበጠበጠች ጠጥታ ባል አንድ ቀን ሳይመረመር ሲቀር የምር ያመኛል።

ሌላው፣ የማህፀን ቱቦ ከተዘጋ (ብዙ ጊዜ በቆየ ኢንፌክሽን ነው፣ ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ አንዳንዴም ቲቢ) የሚከፍተው ዱቄት የለም፣ የህንድም የሐበሻም። ይሄ በቱቦ ራጅ ነው የሚታወቀው። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ጀምራችሁ ሪፈር ካስፈለገ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ አለ፣ እዛ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የአይቪኤፍ (ከማህፀን ውጪ ጽንስ የመፍጠር) አገልግሎት ተጀምሯል። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለሦስት ጣሳ ዱቄት የምታወጡት ብር ደርሶ መልስ ያደርሳችኋል።

አሽዋጋንዳ ወይስ ግዛዋ

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ አሽዋጋንዳ የሚሉት ተክል እኛ ግዛዋ የምንለው ነው። ያው ለቡዳ ለመንፈስ እየተባለ የሚታጠነው፣ አጥር ስር የሚበቅለው። "ታዲያ ለምን ከህንድ እገዛለሁ፣ ከጓሮዬ ልንቀል" ልትሉ ነው። አትንቀሉ። የታሸገው ከሥሩ የወጣና የተለካ ነው፣ የጓሮው ግን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አይታወቅም፣ ቅጠሉና ፍሬው ደግሞ ከሥሩ ይለያል።

ጥናት አለው ወይ? ለወንድ ትንሽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ህንድ ውስጥ የዘር ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ 46 ወንዶች ላይ ተሞክሮ፣ በቀን 675 ሚሊግራም ከሥሩ የተጣራ ጭማቂ (ኤክስትራክት) ለ90 ቀን የወሰዱት የዘር ቁጥራቸው ጨምሯል። ግን 46 ሰው ትንሽ ነው፣ የዘር ቁጥር መጨመርና ልጅ መውለድም አንድ አይደሉም። ለምን 90 ቀን ካላችሁ፣ የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ነው፣ ስለዚ "በ10 ቀን ውጤት" የሚል ሻጭ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ለሴት ግን እኔ አልመክርም። እርግዝና ሊኖር በሚችልበት ጊዜ መውሰድ የሌለባት ነገር ነው፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ልጅ እየፈለገች ያለች ሴት ደግሞ በየወሩ ምናልባት አርግዛ ይሆናል። ጉበት የጎዳባቸው ሰዎችም ሪፖርት ተደርጓል፣ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ሆርሞንንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ይሄ ለደጋው ሰው ቀላል ነገር አይደለም፣ እንቅርት ያለበት ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወንድም ቢሆን ሐኪም ሳያማክር አይንካው።

ለባልየው ርካሽ ነገር ከተፈለገ ጥቁር አዝሙድ አለላችሁ። ኢራን ውስጥ የመውለድ ችግር ያለባቸው ወንዶች በቀን 5 ሚሊ ሊትር ዘይቱን ለሁለት ወር ወስደው የዘራቸው ሁኔታ ተሻሽሏል። ይሄም ትንሽ ጥናት ነው። ቢሆንም ከአሽዋጋንዳ ጋር ሳወዳድረው በዋጋም በማግኘትም ጥቁር አዝሙዱ ይሻለኛል፣ ብቻ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ይጠይቅ።

ሻታቫሪ ወይስ የሰት ቀስት

ሻታቫሪ ለሴት ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ አዩርቬዳ ማህፀንን ያበረታል የጡት ወተትም ያመነጫል ይላል። ሰው ላይ አስረግዟል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ ግን የለም፣ በብዛት የተሠራው አይጥ ላይ ነው። ከአሽዋጋንዳ ጋር ሲወዳደር የተዘገበበት ጉዳት ያነሰ ነው፣ ስለዚ ሁለቱን አስቀምጣችሁ ሴት የምትወስደው የቱ ይሁን ካላችሁኝ ሻታቫሪ፣ እሱም ካስፈለገ።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። የሻታቫሪ ዘመድ የሆነ ተክል እኛ ጋ አለ፣ የሰት ቀስት የሚባለው፣ ይመሳሰላሉ። አንዳንድ አዋቂ ነኝ ባይ "ያው ነው" ብሎ ሥሩን ይሸጣል። የሰት ቀስት ሥር በባህል እርግዝና ለመከላከል የሚጠቀሙበት አሉ፣ እዚሁ አገራችን አይጥ ላይ ሲሞከርም መራባትን የመቀነስ ባሕርይ አሳይቷል። ልጅ ፈልጋ መከላከያ የምትጠጣ እህት እንዳትኖር! ኒምም እንደዛው ነው፣ ቆላው ላይ ለጥላ የሚተከለው፣ ደም ያጠራል ተብሎ ቅጠሉ ይጠጣል ግን መራባትን ስለሚቀንስ ህንዶቹ ራሳቸው ለመከላከያነት ሲያጠኑት የኖሩት ነው።

ለጣሳው ከመክፈላችሁ በፊት አዙሩት

የትኛውንም ብትገዙ ከፊት ያለችውን ፈገግ ያለች ሴት ሳይሆን ከኋላ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ አንብቡ። የተክሉ ስምና ክፍሉ (ሥር ነው ቅጠል)፣ በአንድ ፍሬ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ፣ ባች ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን። ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። "ባስማ" የሚል ቃል ካያችሁ መልሱለት፣ ባስማ ማለት የተቃጠለ ብረት ወይም ማዕድን አመድ ነው፣ "ናግ" ካለ እርሳስ፣ "ፓራድ" ካለ ሜርኩሪ።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ኒውዮርክ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 የህንድ አዩርቬዳ መድኃኒት የወሰዱ 6 ነፍሰ ጡሮች ደማቸው ውስጥ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። እርሳስ ከእናት ወደ ጽንስ ያልፋል፣ የልጁን አእምሮ ይጎዳል። በላስቲክ ተቋጥሮ ስም የሌለው ዱቄት ማንም ቢሰጣችሁ፣ ዘመድም ቢሆን፣ አትጠጡት። ካፕሱልና ዱቄት ሲወዳደር ካፕሱሉ ልኩ ስለሚታወቅ ይሻላል፣ ዱቄቱን በማንኪያ ስትለኩት ዛሬ የወሰዳችሁትና ነገ የምትወስዱት አንድ አይሆንም።

የማህፀን ማጽጃ ወይስ ፎሊክ አሲድ

ማህፀን ራሱን በየወሩ ያጸዳል፣ የወር አበባ ይሄው ነው። ስለዚ የሚጠጣ ማጽጃ፣ የሚታጠን፣ በተለይ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከተት ነገር አትግዙ፣ ኢንፌክሽን ከማምጣት ውጪ ጥቅም የለውም። ፓንቻካርማ እናድርግላችሁ፣ ሆድ እናጥባለን እናስታውካለን የሚልም ካጋጠማችሁ እለፉት፣ ትሪፋላም ቢሆን የሆድ ድርቀት ላለበት ሰው ካልሆነ ሆድ ማስቀመጥ ነው ሥራው።

ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ግን በርካሽ ይገኛል፣ ከእርግዝና ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ጀምሮ እስከ 12 ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። የልጁ የአከርካሪና የጭንቅላት ቱቦ የሚዘጋው ጽንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው፣ ስለዚ አርግዛ ካወቀች በኋላ መጀመር ይዘገያል። ፎሊክ አሲዱ ለዚህ ነው፣ አገራችን ውስጥ ይሄ ቱቦ በደንብ ሳይዘጋ የሚወለድ ልጅ ብዙ ነው። ፋርማሲ ስትገዙ ግን 5 ሚሊግራም የሆነውም ስላለ ተጠንቀቁ፣ እሱ ከዚህ በፊት እንደዚህ አይነት ልጅ ለወለደች፣ ለስኳር ታማሚ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ነው የሚታዘዘው።

የሰሊጥ ዘይት ማሸት ወይስ ወይባ

ከአዩርቬዳ ውስጥ እኔ በደስታ የምመክረው ይሄ ነው፣ አቢያንጋ ይሉታል፣ ሰውነትን በለብታ የሰሊጥ ዘይት ማሸት። ያስረግዛል አልልም፣ ግን ጭንቀት ለበላው ሰው እንቅልፍ ያመጣል፣ ባልና ሚስትም ያቀራርባል፣ ዓመት ሙሉ በቀን ቆጠራ የተሰላቸ አልጋ ይሄ ያስፈልገዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ዘይቱን ቀዝቃዛውን አትቀቡት፣ በሲኒ አድርጋችሁ ሲኒውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ በክንዳችሁ ሞክሩት፣ ከእግር ጀምራችሁ ወደ ላይ እሹ፣ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ታጠቡ። የታሸገ የህንድ ዘይት በውድ መግዛት አያስፈልግም፣ የሰሊጥ ዘይት እዚሁ አለ፣ በቅቤ የለመደም በቅቤው ይቀጥል። ሆድ ላይ ግን ጫን አይባልም።

ወይባ መሞቅም ለሴቷ ያዝናናል፣ ግን ከፍተኛ ሙቀት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ስለማይመከር ከወር አበባ ማግስት ባለው ሳምንት ብቻ ይሁን። ባልየው ግን ከስቲምም ከሳውናም ይራቅ፣ ዘር የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት በታች ሲሆን ነው፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ጠባብ ሱሪ አድርጎ ሙሉ ቀን መኪና የሚነዳ ሰው ይሄን ያስብበት። አረቄውንና ሲጋራውንም ሦስት ወር ያቁም፣ ከማንኛውም ካፕሱል ይበልጣል።

ስትሪፕ ወይስ ካሌንደር

ወቅት ያልነው ይሄ ነው። ሴት ማርገዝ የምትችለው እንቁላል በሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት 5 ቀኖች ነው። የወር አበባዋ የማይዛነፍ ከሆነ ካሌንደር ይበቃታል፣ የሚዛነፍ ከሆነ የኦቩሌሽን ስትሪፕ መግዛት ያዋጣል፣ እንቁላል የሚወጣበትን ቀን የሚጠቁም ነው፣ በሽንት ነው የሚሠራው። እኛ አካባቢ ደግሞ አንድ የማይነገር ነገር አለ፣ በጾም የሚታቀቡ ጥንዶች አሉ፣ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመር ያቺ ሳምንት እየተሸራረፈች ታልቃለች። ይሄን ከነፍስ አባታችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት፣ አታፍሩ። ሸንኮራ ዮሐንስ ለጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ እሱ የሚሸጥ ስላልሆነ ከዚህ ንጽጽር ውስጥ አላስገባሁትም፣ የጀመራችሁትን የሐኪም መድኃኒት ግን አታቋርጡ።

ብር ጠበብ ካለ ቅደም ተከተሉ ለኔ እንዲህ ነው፦ የባል የዘር ምርመራና የሚስት ምርመራ፣ ፎሊክ አሲድ፣ ስትሪፕ፣ የሰሊጥ ዘይት። ከዚያ ተርፎ ለባል ካፕሱል ቢገዛ ግድ የለም። ፋላ ግሪታ የሚባለውን የህንድ ቅቤ በውድ ከመግዛት ንጥር ቅቤያችሁን፣ ምስሩን፣ ተልባውን ብሉ።

እና የወር አበባ ከቀረ፣ ሴቷ የምትወስደው ዱቄትም ሻይም በዚያው ቀን ይቁም፣ ፎሊክ አሲዱ ይቀጥል፣ ምርመራ አድርጋችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የወሰዳችሁትን ጣሳ ሁሉ ይዛችሁ ለአዋላጇ አሳዩአት።