የቆየ የጌም ኮምፒውተር በትንሽ ብር ማሳደግ ለምትፈልጉ፦ መገናኛ አካባቢ ያለ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች። መገናኛ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ አለ። የታናሽ ወንድሜን የጌም ኮምፒውተር እንደ አዲስ አድርጎ መልሶልናል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ሳይለካ አንድም ዕቃ ባለመሸጡ ነው።

ማሽኑ ኮር አይ 5 4590፣ ኤች 81 ማዘርቦርድ፣ አንድ 8 ጊጋ ዲዲአር 3 ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ እና ባለ 2 ጊጋ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ቦታ የሚሰማው «አርጅቷል፣ ሽጠህ ሌላ ግዛ» የሚል ነው። እሱ ግን ጌም ከፍቶ ሙቀቱን ነው ያየው። ፕሮሰሰሩ 98 ዲግሪ ይደርስና ፍጥነቱን ከ3.5 ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ያወርዳል። ፋኑን ሲያነሳው ቴርማል ፔስቱ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ፋኑ የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ፋኑን ከማዘርቦርዱ ጋር ከሚይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች ደግሞ አንዱ ከቀዳዳው ወጥቷል። እግሩ ከወጣ ፋኑ በአንድ ጎን ተነስቶ ይቀራል፤ ፔስት ቢቀየርም ሙቀቱ አይወርድም። የድሮውን በአልኮል ጠራርጎ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃል ላይ አደረገ፤ ከዚያ እግሮቹን በሰያፍ ሁለት ሁለቱን እየተጫነ፣ እያንዳንዱ ቀጭ ሲል እየሰማ አስገባቸው። በዚያው ጌም ሙቀቱ 68 ዲግሪ ሆነ። የተከፈለው የጽዳት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ አወጣ። ላዩ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። እሱ ጎኑ ላይ ያለውን ትንሽ ሰንጠረዥ አነበበ፦ የ12 ቮልት መስመሩ 17 አምፔር ነው። 17 በ12 ሲባዛ 204 ዋት። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ኃይላቸውን የሚወስዱት ከዚህ መስመር ስለሆነ፣ እውነተኛው አቅሙ ይሄ ነው። ፕሮሰሰሩ 84 ዋት፣ ልንገዛው ያሰብነው ግራፊክስ ካርድ 75 ዋት፤ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኮቹና ፋኖቹ ሲጨመሩ ጠርዝ ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ሲቃጠል ብቻውን አይሄድም፣ ማዘርቦርድም ይዞ ይሄዳል። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ከካርዱ በፊት የ12 ቮልት መስመሩ 36 አምፔር የሆነ ባለ 450 ዋት አስቀየረን። በሱ ቦታ ብሆን እኔም ካርድ ከመግዛቴ በፊት ይሄን ነበር የማስቀድመው፤ ከብሩ ላይ የማይቆረጠው ክፍል ይሄ ነው።

ካርዱን በተመለከተ ወንድሜ አርኤክስ 6400 ይዞ ሊመጣ ነበር፤ አስቆመው። 6400 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 የመረጃ መስመር ብቻ ነው። ኤች 81 ላይ ደግሞ የካርዱ ማስገቢያ በሁለተኛው ትውልድ ፍጥነት ስለሚሠራ በሴኮንድ 2 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ያልፋል፤ የካርዱ ሚሞሪ ሲሞላ ጌሙ ይንቀጠቀጣል። 16 መስመር የሚጠቀመው ጂቲኤክስ 1650 ግን በዚያው ማስገቢያ 8 ጊጋባይት ያገኛል። ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ 1650 ተገዛ። ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ዓይነት ነው፤ ባለ 6 ፒን የኃይል ገመድ የሚሰካባቸውም ስላሉ ከመግዛታችሁ በፊት የካርዱን ጫፍ እዩ። ብር ከመከፈሉ በፊት ካርዱን ሰክቶ በጂፒዩ ዚ (የካርድ መረጃ በሚያሳይ ፕሮግራም) 896 ኮር እና 128 ቢት መሆኑን አረጋገጠ። የድሮ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ የተጫነው መነሻ ሶፍትዌር) ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣልና ይሄን ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጫና ላይ አቆየው።

ራም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገበያው ላይ ረከስ ያለ 8 ጊጋ ዲዲአር 3 አለ፣ ለኤኤምዲ ብቻ የተሠራ፤ ኢንቴል ላይ ሲሰካ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ማሽኑ ይጮሃል። እሱ ከነበረው ጋር የሚመሳሰል፣ ፍጥነቱ 1600 የሆነ 8 ጊጋ ፈልጎ አመጣ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ መስመሩ በእጥፍ ይሰፋል፣ ከ12.8 ወደ 25.6 ጊጋባይት በሴኮንድ። ኤች 81 ከ16 ጊጋ በላይ ስለማይቀበል እዚያ አበቃ።

480 ጊጋ ኤስኤስዲ ሲገባ ሁለት ነገር አስተውዬ ነበር። ኤች 81 ላይ ካሉት የሳታ (የዲስክ ገመድ) ማስገቢያዎች ፈጣኖቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ከነሱ በአንዱ ሰካው። ዊንዶውስ ሲጭን ደግሞ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ነቅሎ አስቀመጠ። ሁለቱም ተሰክተው ከተጫነ ማስነሻ ፋይሉ ድሮው ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ በኋላ ያ ዲስክ ሲወጣ ማሽኑ አይነሳም።

ፕሮሰሰሩን አይ 7 4790 እናድርገው ስንለው «ቆይ» አለን። ጌም ላይ ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ሆኖ ካርዱ 60 ላይ ከቆመ ያኔ ኑ፣ አለ። እስካሁን አልሄድንም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱንና እንደኛው ያለ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር በዊንዶውስ 11 የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩንም ሳንጠይቀው ነው የነገረን።

የወጡትን ዕቃዎች በሙሉ በፌስታል አድርጎ መልሷል። 750 ቲአዩን ሸጠን የራሙን ዋጋ ሸፍነናል። ዋጋ ሳምንት ሳይቆይ ስለሚቀያየር እዚህ አልጽፍም። ቅዳሜ ሱቁ ስለሚጨናነቅ በአዘቦት ቀን ሂዱ፤ የማዘርቦርዱን ሞዴልና የፓወር ሰፕላዩን ሰንጠረዥ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን በአደባባይ ማውጣት ስለማልፈልግ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።