ሐኪሟ ጎበዝ፣ ምዝገባው የሚያስለቅስ

አክስቴ ጅማ፣ ጅሬን ነው የምትኖረው። ባለፈው ወር ቡና እየጠጣን ሲኒው ከግራ እጇ አመለጣትና ሳቅንባት። ላንሳው ስትል እጇ እምቢ አለ፤ ቀና ስትል አፏ በአንድ በኩል ወርዷል። ጎረቤታችን «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጭመቁላት» አለች። እኔ ስልኬ ላይ የቪዲዮ ሐኪም አፕ ስለነበረኝ (ስሙን አልጠራም) እሱን ከፈትኩ።

እዚህ ላይ ነው የበሸቅኩት። ስም፣ ዕድሜ፣ ኮድ ይላክልዎታል፣ ኮዱ አልመጣም፣ እንደገና ሞክር፣ ከዚያ ደግሞ ክፍያ። ወደ 10 ደቂቃ በላ። ለብጉር ለሚደውል ሰው ይሁን፣ ለስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ) ግን?

ሐኪሟ ስትገባ ሌላ ነገር ሆነ። «እማማ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ። ዓይንዎን ጨፍነው ሁለቱንም እጅ ወደ ፊት ይዘርጉ።» ግራው ቀስ እያለ ወረደ። ወሩን ስትጠይቃት አክስቴ በኦሮምኛ መለሰች፣ እሷም ሳትደናገር በኦሮምኛ ቀጠለች፤ ይሄን በጣም ወደድኩላት። ከዚያ እኔን «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያየሃቸው ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና።

«አስፕሪን ልስጣቸው?» ስላት «እንዳትሰጥ! ውሃም ቢሆን» አለች። ነገሩ አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ከሆነ አስፕሪን ያባብሰዋል፣ ያንን የሚለየው ደግሞ የጭንቅላትን ውስጥ የሚያነሳው ሲቲ ስካን እንጂ የስልክ ካሜራ አይደለም። ውሃው መዋጥ ካቃታት ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። «ሲቲ ያለበት ሆስፒታል፣ አሁኑኑ» እንዳለች ኔትወርኩ ሄደ። ባጃጅ ጠርተን ወረድን።

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ቴሌስትሮክ የሚሉት (ቃሉ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ) እንደኛው ሳሎን ተቀምጦ መደወል አይደለም። ታማሚው ድንገተኛ ክፍል ገብቷል፣ ነርስ አጠገቡ ናት፣ የነርቭ ሐኪሙ በርቀት ሆኖ የሲቲውን ምስል እያየ ከ0 እስከ 42 በሚሄደው የስትሮክ ክብደት መለኪያ ነጥብ ይሰጠዋል። የነርቭ ሐኪሞቹ በብዛት አዲስ አበባ ላሉበት አገር፣ እኛ ደግሞ ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ለምንኖር፣ የሚያስፈልገን እሱ ነው።

አክስቴ አሁን በከዘራ ትሄዳለች። ለአፑ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፣ ሦስቱም የሐኪሟ ናቸው። ከፈለጋችሁ ደውሉ፣ ግን ባጃጁ ውስጥ ሆናችሁ። ምዝገባውን የሚዘል «ድንገተኛ» የሚል ቁልፍ ካስገቡ አራተኛውን እጨምራለሁ።