ለጅማ ሐኪሞች፦ ዳታ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ይህችን አሰልጣኝ አግኟት

ሰላም ጅማዎች። በተለይ ቴሲስ የደረሰባችሁ ሬዚደንቶች፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው።

የጤና ኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የጤና መረጃ አያያዝና አጠቃቀም፣ የምርምር ስልጠና የሰጠችንን እህታችንን በአደባባይ ላመሰግናት ፈልጌ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ እንዲህ ያለውን ነገር አትወድም። ስራዋ ግን መነገር አለበት።

ሌላ ቦታ የወሰድናቸው ስልጠናዎች በቀጥታ ወደ ኤስፒኤስኤስ፣ ወደ ዳታ መተንተኛው ሶፍትዌር፣ ይገባሉ። እሷ መጀመሪያ የወሰደችን ካርድ ክፍል ነው። መዝገቡን ማን እንደሚሞላው፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሚቀርና ለምን እንደሚቀር ከሰራተኞቹ አፍ አሰማችን። የካርድ ክፍል ሰዎችን እንዲህ አክብሮ የሚጠይቅ አሰልጣኝ አይቼ አላውቅም።

የቀኑ ነገር ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ካርዳችን ላይ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን። እሷ 30/02/2016 ብላ ጻፈች፤ ጥቅምት 30 መሆኑ ነው። ኤክሴል እንደ ተራ ጽሁፍ ወደ ግራ አስጠግቶ አስቀመጠው። ቀጥላ መስከረም 28 ገብቶ ጥቅምት 2 የወጣ ታካሚ አስገባች። የተኛው 4 ቀን ነው። ኤክሴል አንደኛውን ወር እንደ ጃንዋሪ 31 ቀን ስለሚቆጥረው 5 አለ። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። መፍትሄዋ ቀላል ናት፦ ቀኑን አስቀድሞ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር፣ የካርዱንም ቀን ለማመሳከሪያ በሌላ ዓምድ መያዝ። ወዲያው ሁሉም ላፕቶፑን ከፍቶ የራሱን ዳታ ማገላበጥ ጀመረ።

የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚላክበትን ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2ንም አጥርታ አስረዳችን። እዚያ ያለው ከየጤና ተቋሙ ተደምሮ የሚላክ ቁጥር ነው። የወረዳን አካሄድ ለማየት ጥሩ ነው። የአንድን ታካሚ እድሜ ከላብራቶሪ ውጤቱ ጋር አያይዞ ለማጥናት ግን ወደ ካርዱ መመለስ ግድ ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ፕሮፖዛሉን ሁለቴ አይጽፍም።

በሚስጥር ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። የታካሚ ስም ያለበትን ፋይል በቴሌግራም መላላክ እሷ ፊት አይታሰብም። ስሙ ይወጣል፣ ኮድ ይሰጠዋል፣ የኮዱ ዝርዝር ለብቻው ይቆለፋል።

እህታችን፣ ክበሪልን። እድሜና ጤና ይስጥሽ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ላፕቶፕና የራሳችሁን የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ ያዙ፤ የምታስተምረው በእሱ ላይ ነው።