የአሮጌዋን ካምፐራችንን ኩሽና እንደ አዲስ ለሠሩልን አናጢ

እጃቸው ይባረክ ብዬ ልጀምር። ውስጧ እያደርን የምንጓዝባትን የአሮጌዋን ካምፐር መኪናችንን የኩሽና ካቢኔት ከወለሉ ጀምረው እንደገና ለሠሩልን አናጢ ይህን ምስጋና የምጽፈው ባለቤቴንም ወክዬ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ የሚወዱ ሰው ስላልሆኑ ስም አልጠቅስም። ሥራቸውን ግን በዝርዝር እተርካለሁ፤ አሮጌ ካምፐር ያለው ሰው ባለሙያ ሲመርጥ ምን መጠየቅ እንዳለበት ከእሳቸው አሠራር ብዙ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

የመኪናዋ ሞተር ጤነኛ ነው፤ ሻሲውም አልዛገም። ኩሽናው ግን አልቆለት ነበር። ከዕቃ ማጠቢያ ገንዳው ሥር ያለው ቺፕውድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራ ሰሌዳ) ውኃ ጠጥቶ ከማበጡ የተነሣ ፍርፋሪው በእጅ ይዘገን ነበር። ማጠፊያዎቹን የያዙት ብሎኖች የሚነክሱት እንጨት አጥተው በበሩ ክብደት ብቻ ይወልቃሉ። መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር መሳቢያዎቹ ተከፍተው ማንኪያውና ቢላዋው ወለሉ ላይ ይዘረገፋል። ከእሳቸው በፊት ያየልን ባለሙያ ሁሉ የበሮቹን ቁመትና ወርድ ለክቶ፣ «በሮቹን ቀይረን ቀለም እንቀባላችኋለን» ብሎ ነበር የሄደው።

እሳቸው ሜትር አላወጡም። ተንበርክከው ከገንዳው ሥር ገቡና ግድግዳውን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ሰመጠ። ወጥተው እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ልጆቼ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ ካቢኔት ብንሠራ የምናበሰብሰው ገንዘባችሁን ነው» አሉን። ሥራውን ለማን እንደምንሰጥ እዚያው ወሰንን።

ፍለጋው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሆነ። ረዳታቸው ከውጭ የውኃ ጎማ ይዞ ከግድግዳው ታችኛው ክፍል ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያጠጣል፤ እሳቸው የእጅ ባትሪ ይዘው ከውስጥ ይጠብቃሉ። ከላይ ቢጀመር ውኃው ሁሉንም መጋጠሚያ እያረሰ ስለሚወርድ በየትኛው እንደገባ መለየት አይቻልም። ከታች ሲጀመር ግን ጠብታው ውስጥ በታየበት ጊዜ ጎማው የደረሰበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። የሁላችንም ጥርጣሬ በቧንቧው ላይ ነበር፤ ጥፋተኛው የመስኮቱ የላይኛው ማዕዘን ሆኖ ተገኘ። ጎሚኒው ደርቆ በመሰንጠቁ ውኃው በግድግዳው ውስጥ ተደብቆ እየወረደ ከገንዳው ሥር ይወጣ ነበር። መስኮቱን አውጥተው፣ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቀው አጽድተው፣ በአዲስ አሽገው መለሱት። የበሰበሱትንም የግድግዳ ማገሮች ቆርጠው በአዲስ ተኩ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ተከፍቶ እንዲደርቅ ተውት። እንጨት ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከቆየ ለሚያበሰብሰው ፈንገስ ይመቻል። ስለዚህ የእርጥበት መለኪያቸውን ይዘው እየተመላለሱ ይለኩ ነበር፤ ቁጥሩ በደንብ እስኪወርድ ድረስም አንድ ሰሌዳ አልቆረጡም። እኛ ለጉዞ ቸኩለን ነበርና ለምነናቸዋል። ልመናችን አላንቀሳቀሳቸውም፤ ዛሬ ስለዚያ እምቢታ በተለይ አመሰግናቸዋለሁ።

ቀጥሎ የእንጨቱ ምርጫ መጣ። እኔ ለዓይን የሚያምረውን እያሰብኩ ሳለ እሳቸው የሚያሰሉት ክብደት ነበር። 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከደቀቀ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ፣ ወደ 40 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በዚያው ስፋት 12 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ፖፕላር ከሚባለው ቀላል እንጨት የተሠራ ኮምፔርሳቶ ግን ከግማሹም ያንሳል። መኪናዋ የምትሸከመው ጠቅላላ ክብደት በአምራቹ የተወሰነ ነው፤ በካቢኔት ላይ የባከነ እያንዳንዱ ኪሎ ከምንይዘው ውኃና ከሻንጣችን ይቀነሳል ማለት ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ሒሳቡ ግልጽ ነው። ስለዚህ ሣጥኖቹና በሮቹ ከቀላሉ ፖፕላር ተሠሩ። በርች ከሚባለው እንጨት የተሠራውን ጠንካራና ከባድ ኮምፔርሳቶ ያስገቡት ምድጃው በሚቀመጥበትና መሳቢያዎቹ በሚንሸራተቱበት ቦታ ብቻ ነው። ከባድ ዕቃ የሚገባባቸውን መደርደሪያዎችም ወደ ወለሉና ወደ ጎማዎቹ አቅራቢያ አወረዷቸው፤ ላይኛው ካቢኔት ለቀላል ነገር ብቻ ቀረ።

አሁን ደግሞ ከሥራቸው ሁሉ ቆሜ ያየሁትንና ልረሳው የማልችለውን ልንገራችሁ። የካምፐር ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ይጎብጣል፣ በመስኮቱ ዙሪያ ይገባል። ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚለካበት ስኳድራ እዚያ ብዙም አይጠቅምም። ውኃ ልክም ቢሆን መኪናዋ ራሷ ተስተካክላ ካልቆመች የሚናገረው ስለ መሬቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መኪናዋን በጎማዎቿ ሥር ሰሌዳ እያስገቡ አስተካከሏት። ከዚያ ጠንካራ ካርቶን ወደ ግድግዳው አስጠግተው አቆሙ። አንዲት ትንሽ የእንጨት ቁራጭ አንሥተው እርሳሳቸውን ከጫፏ ጋር በጣታቸው አጣብቀው ያዙ። ቁራጯ ግድግዳውን እየዳሰሰች ስትወርድ እርሳሱ ያንኑ ጉብጠት ካርቶኑ ላይ እየሳለ ይወርዳል። መስመሩን ቆርጠው ካርቶኑን መልሰው ገጠሙት፤ ብርሃን የሚያሳልፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው አሁንም ላጡት። ካርቶኑ ከግድግዳው ጋር አንድ ሲሆን ብቻ ነው ወደ ኮምፔርሳቶው የተላለፈው። መጋዙን ሲይዙም ከመስመሩ ትንሽ ከውጭ ቆርጠው የቀረውን በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ጨረሱት። ሰሌዳው ቦታው ሲገባ በመካከሉ ወረቀት እንኳን አያስገባም ነበር። ክፍተቱን በሲሊኮን መሙላት እጅግ ይቀላል፤ ብዙዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እሳቸው ሲሊኮን የውኃ መከላከያ እንጂ የአናጢ ጥፋት መሸፈኛ አይደለም ይላሉ።

መጋጠሚያዎቹ ላይም የቤት ዕቃ ከሚሠራ አናጢ የሚለያቸውን እውቀት አየሁ። መኪና አንዱ ጎማዋ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አካሏ በመጠኑ ይጠመዘዛል። ካቢኔቱ በሁሉም አቅጣጫ ድርቅ ብሎ ከተያዘ ጥምዘዛው መጋጠሚያውን ይሰነጥቀዋል፤ ወይም ብሎኑን ይነቅለዋል። እሳቸው ሣጥኖቹን ራሳቸውን በኮላና በብሎን አጥብቀው አሰሩ። ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኟቸውን ብሎኖች ደግሞ በስሱ ላሜራ ላይ ሳይሆን የግድግዳው አጥንት ያለበትን ፈልገው፣ ከጀርባው የኤሌክትሪክ ሽቦና የውኃ ቱቦ አለመኖሩን አረጋግጠው አስገቡ። በቀረው ቦታ ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ የሚለጠጥ የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ተጠቀሙ። እንጨት ከእንጨት በሚነካካበት ሁሉ ስስ ጨርቅ ለጥፈዋል። ከዚህ በፊት በመጥፎ መንገድ ላይ እርስ በርስ ለመነጋገር ድምፃችንን ከፍ ማድረግ ነበረብን፤ አሁን ኩሽናው ድምፅ የለውም።

መሳቢያዎቹ የሚዘጉት በግፊት በሚከፈት መቆለፊያ ነው። ቁልፏ ተጭና ካልወጣች ፍሬን በድንገት ቢያዝም አይከፈቱም። የላይኛዎቹ በሮች ወደ ላይ ይከፈታሉ፣ በውስጡ የታመቀ ጋዝ ያለው መግፊያ ዘንግም ደግፎ ያቆማቸዋል። በምድጃውና በገንዳው ዙሪያ ዝቅተኛ ጠርዝ ስላበጁ ብርጭቆ ተንሸራትቶ አይወድቅም። የኮምፔርሳቶው የተቆረጠ ጠርዝ ውኃ የሚጠጣበት አፍ በመሆኑ ጠርዞቹን ሁሉ ደጋግመው ቫርኒሽ ቀቡ። የቧንቧው ቀዳዳ ውስጥ እንኳን ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ ሲቀቡ አይቻለሁ። ያንን ቀዳዳ ማንም ሰው ተመልሶ አያየውም።

የጋዙን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግ አላደርግም። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ካፈሰሰ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሣጥን ከመኖሪያው ክፍል የታሸገ፣ ወለሉ ላይ ግን ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። የእኛን ቀዳዳ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ብርድ እንዳይገባ ብሎ በሰሌዳ ዘግቶት ኖሯል። አናጢያችን ይህን ሲያዩ ሥራቸውን አቁመው ጠሩን። ሲሊንደሩን ወዲያው ከመኪናዋ አስወጡ፤ ሰሌዳውንም ነቅለው ጣሉ። የጋዝ ቱቦውን እንዲያያይዙልን ስንጠይቃቸው ግን እጃቸውን አነሡ። «እኔ የእንጨት ሰው ነኝ። ይህንን ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ይሥራው፤ እሱ ፈትሾ ሳይጨርስ እኔም የመጨረሻውን ሰሌዳ አልዘጋም» አሉን። እንዳሉትም አደረጉ። መጋጠሚያው ያለበትን ሰሌዳ በኮላ ሳይሆን በብሎን ብቻ አሰሩት፤ ወደፊት ለመፈተሽ ካቢኔት ማፍረስ አያስፈልገንም። አቅሙን የሚያውቅና ከአቅሙ ውጭ ያለውን ለባለቤቱ የሚተው ሠራተኛ ለእኔ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በላይ ነው።

ከአሮጌው ኩሽና የሚድነውንም አልጣሉብንም። ሲያፈርሱ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ሰጥተው፣ ብሎኑን ከወጣበት ማጠፊያ ጋር በትንሽ ከረጢት አስረው አስቀምጠው ነበር። የአሉሚኒየሙ ጠርዝና የበሮቹ መያዣዎች ተወልውለው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። በዚህም ምክንያት መኪናዋ የዘመኗን መልክ እንደያዘች ናት፤ ባለቤቴ ከሁሉ በላይ የተደሰተው በዚህ ነው።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልበል። የዕቃውንና የእጃቸውን ዋጋ ለየብቻ በጽሑፍ ሰጡን። ግድግዳው ውስጥ ያልታሰበ ብስባሽ ሲያገኙ ፎቶ አንሥተው አሳይተው፣ ተጨማሪው ስንት እንደሚሆን ተናግረው፣ እሺ ስንል ብቻ ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ የቀረበልን ሒሳብ ከተነጋገርነው አንድም አላለፈም።

ለሚቸኩል ሰው እሳቸውን አልጠቁምም። በአንድ ጊዜ የሚይዙት አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ተራ መጠበቅ የግድ ነው። ስልክ ላይም ቃል ይቆጥባሉ፤ ይህን እንደ ኩርፊያ እንዳትቆጥሩባቸው፣ መኪናውን ሲያዩ ይናገራሉ። የበሰበሰ ግድግዳ ላይ አዲስ በር ብቻ እንዲገጥሙ የሚጠይቃቸውንም በትሕትና ይመልሱታል።

አሮጌ ካምፐር ይዛችሁ ኩሽናው ያስጨነቃችሁ ካላችሁ በግል ጻፉልኝ፤ ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ያዙ። የካቢኔቱን ፊት ብቻ ሳይሆን ከገንዳው ሥር፣ ከመሳቢያዎቹ ጀርባና ከመስኮቶቹ ጠርዝ ፎቶ አንሡ። ከዝናብ በኋላ የሚሸት ወይም የሚለሰልስ ቦታ ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።